ቡናማው የትኛው ነው?

ቴፒ ላይ «ባቡር ቤት ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እህል ሊያስፈጭ የወጣ ነው። ሀዲድ የሚባል ነገር የለንም። በአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ላይ ከአዲስ አበባ በጅማ አድርጎ ወደ ጉራፈርዳና ዲማ የሚዘልቅ መስመር ተሰምሮ ነበር፤ እሱም ከወረቀቱ አልወረደም። እናም የእህቴ ልጅ ከቲማቲም ጣሳና ከቆርኪ የሠራውን የእንፋሎት ባቡር ታቅፎ መጥቶ «ጋሼ፣ እውነተኛው ቀለሙ ምንድን ነው?» ሲለኝ፣ «ውጣና አይተህ ና» ልለው አልቻልኩም።

ልጁ ሳያውቀው የጠየቀው ሽማግሌዎችን የሚያጣላ ጥያቄ ነው። በአውሮፓ የባቡር ሞዴል መሥራት ትልልቅ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚሰጡት ሥራ ነው። በብዛት የሚሠራበት መጠን እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ ያሳንሰዋል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ይደርስ የነበረው የ784 ኪሎ ሜትር ሀዲድ በዚህ ልክ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣዋል፤ የሀዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል። ልክ በማካፈል ይገኛል። ቀለም ግን ተካፍሎ አይገኝም።

የቀለም ስም ራሱ ያሳስታል። ቡናማ ሲባል የትኛው ቡና ነው? ጀንፈሉ፣ ምጣድ ላይ ገና ወርቅ መምሰል የጀመረው፣ ወይስ ዘይት አውጥቶ የሚያብለጨልጨው? የእንግሊዙ ግሬት ዌስተርን የባቡር ኩባንያ የመንገደኛ ፉርጎዎቹን ከታች «ቸኮሌት»፣ ከላይ «ክሬም» ይቀባቸው ነበር፤ እስኪ ቸኮሌት ሁሉ አንድ ከሆነ ይነገረኝ። የዚያው አገር የብራይተን መስመር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1889 የመስመሩ የሎኮሞቲቭ ኃላፊ የነበሩት ዊልያም ስትራውድሊ ለመንገደኛ ባቡሮቻቸው የመረጡት ቀለም «የተሻሻለ የሞተር አረንጓዴ» ይባል ነበር። ዓይን የሚያየው ግን ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ ነው። ሰነድ ብቻ አንብቦ አረንጓዴ የቀባ ሰው ምን ይፈረድበታል?

«ታዲያ ፎቶ አለ አይደል?» አለኝ ልጁ። አለ፤ ግን የድሮ ፎቶም ይዋሻል። የጥንቱ ፊልም የሚያውቀው ሰማያዊን ነበር፤ ቆይቶ አረንጓዴን ጨመረ፤ ቀይን ግን ፈጽሞ አያይም። ስለዚህ ደማቅ ቀይ ባቡር በፎቶው ላይ ጥቁር ይሆናል፤ ሰማያዊው ገርጥቶ ነጭ ይመስላል። በዚያ ፊልም የተነሣች የእኛ ባንዲራ እንኳ ብትሆን ቀዩዋ ጠቁሮ፣ ቢጫዋም ጠይሞ ሊወጣ ይችላል። ሌላም ተንኮል አለ። ፋብሪካዎች አዲስ ሎኮሞቲቭ ሲጨርሱ ለፎቶ ብለው ግራጫ ይቀቡት ነበር፤ ብሎኑና ጠርዙ ጥርት ብሎ እንዲታይ። ፎቶው ከተነሣ በኋላ እውነተኛውን ቀለም ለብሶ ይወጣል። ያንን ፎቶ አይቶ ግራጫ ባቡር የሠራ ሰው አንድም ቀን መንገደኛ ያልሳበ ልብስ አልብሶታል።

የሚታመነው ብረቱ ነው። ሙዚየሞች አሮጌ ፉርጎ ሲያድሱ ጥግ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ክብ ያሻሉ። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀለበት በቀለበት ይወጣል፤ መሐል ላይ ብረቱ፣ ቀጥሎ መነሻው፣ ከዚያ የየዘመኑ ቀለም በተራ። እዚያም ቢሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ ላዩ ላይ የተለቀለቀው ቫርኒሽ ሲያረጅ ስለሚበጫ ሰማያዊውን አረንጓዴ ያስመስለዋል።

ለኔ ግን የሁሉም ቁልፍ ቀን መቁረጥ ነው። «የዚህ ባቡር ቀለም ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም፤ «በየትኛው ዓመት?» ካልተባለ። እ.ኤ.አ. በ1923 የተሠራው ዝነኛው የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ ፍላይንግ ስኮትስማን በ1930ዎቹ የፖም አረንጓዴ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥቁር ተቀባ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሰማያዊም ሆነ፤ በመጨረሻ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ለበሰ። ከፊቱ ግራና ቀኝ የቆሙት የጭስ መከለያዎች የተገጠሙለት በ1961 ነው። እነዚያን መከለያዎች ይዞ የ1930ዎቹን አረንጓዴ የለበሰ ሞዴል፣ የልጅ ልጁን ጫማ አድርጎ እንደ ወጣ አያት ነው።

በእኛም መስመር እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ እንፋሎትን ያየችው ከሀዲድ በፊት ነው፤ በምኒልክ ዘመን «የሰርኪስ ባቡር» ያለ ሀዲድ መንገድ ለመንገድ ሄዷል፤ ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሀዲዱ ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ተነሥቶ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። የለገሃር ጣቢያ በ1929 ተመረቀ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ናፍጣ እንፋሎትን እየተካው መጣ። ኩባንያው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ስሙን ጥሎ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የተባለው ደግሞ በ1981 ነው። እንግዲህ ጭስ የሚተፋ ባቡር ሠርቶ ፉርጎው ላይ «ኢትዮ ጅቡቲ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ሠላሳ ዓመት ዘሏል። ጽሑፉም የቀለሙ አካል ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ያለው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነገሩን አቅልሎታል፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው አረንጓዴና ነጭ፣ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ሰማያዊና ነጭ ነው። ሰማያዊ ቀብቶ ግንባሩ ላይ «አያት» ብሎ የጻፈን ሰው ማንም ተሳፋሪ ይስቅበታል።

ከዚያ ቆሻሻው ይመጣል። እውነተኛ ባቡር ከቀለም ቤት እንደወጣ አይቆይም፤ ጣሪያው ጥላሸት ይለብሳል፣ ቦይለሩ ላይ የውሃው ጨው ነጭ መስመር ያወርዳል፣ መንኮራኩሩ በዘይት ይጠቁራል። ይህንንም በቀንና በቦታ መቁረጥ ነው። በክረምት ከሚዛን ቴፒ የገባ አይሱዙ እስከ መስኮቱ ቀይ ጭቃ ለብሶ ሲቆም የመጣበትን መንገድ ማንም ይነግርሃል፤ በአፋር በረሃ ያለፈ ፉርጎ ደግሞ ደረቅ አቧራ ነው የሚለብሰው። ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ጠቆር ብሎ ስለሚታይም ጎበዞቹ ከእውነተኛው ጥቂት ያፈዝዙታል፤ አብረቅራቂውንም ይተዋሉ።

ይህን ሁሉ ነግሬው ልጁ ወደ ሰፈራችን ብረታ ብረት ቤት ሄደ። ማታ ጣሳው ከላይ እስከ ታች ግራጫ ሆኖ መጣ። ከበር ሥራ የተረፈ አንቲረስት ብቻ ነበር ያገኘው።

«በየትኛው ዓመት ነው ግራጫ የነበረው?» አልኩት።

«ገና ከፋብሪካ መውጣቱ ነው ጋሼ፤ ፎቶ አንሺውን እየጠበቅን ነው።»