ከመሽረሓው በር ጀርባ

ካርቱም ውስጥ ሬሳ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ቁጥሩ ነው። መሽረሓ፣ ማለትም የሬሳ ማቆያ ቤት፣ ደጅ የጠና ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ግን የለም። «ማንነቱ ያልታወቀ» ተብሎ የተመዘገበ ሟች የሆነ ቀን የሰው እጅ ላይ ነበር። ከመንገድ ያነሳው ፖሊስ አለ፤ የተረከበው ዘበኛ፣ ያጠበው በጎ ፈቃደኛ፣ ጉድጓድ የቆፈረለት ሰው አለ። እያንዳንዳቸው አንድ ነገር አይተዋል። ያዩትን የሚያገናኝ ግን የለም። ፎቶው የአንዱ ስልክ ውስጥ፣ ቁጥሩ የፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ላይ፣ አስከሬኑ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው።

እኛ ሐበሾች እዚህ ሥራ ውስጥ የገባነው ተምረነው አይደለም። ደይም ሰፈር ቡና የምታፈላ እህት፣ ጀሪፍ የሚኖር ሹፌር፣ የማኅበር ገንዘብ ያዥ፣ ዐረብኛ አንብቦ መጻፍ የሚችል አንድ ሁለት ሰው፤ በቃ ይኸው ነው። ስልክ ይደወላል። «ሐበሻ ይመስላል፣ ኑና እዩት» ይላል ደዋዩ። ያለ ዐቃቤ ሕግ ወረቀት ሬሳ ማሳየት ስለሚያስጠይቀው ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም። ግን ይደውላል። ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ የማያውቃት እናት አገር ቤት ሆና እንደምትጠብቅ ስለገባው ይደውላል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ከማንም በላይ የማከብረው እሱን ነው።

እዚያ ስንደርስ መጀመሪያ የምናየው ፊት አይደለም። መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ማቀዝቀዣ፣ በዚያ ሙቀት፣ ፊት ብዙ አይቆይም። ያብጣል፣ ይጠቁራል። እናት እንኳ የገዛ ልጇን ልትስት፣ የሰው ልጅም የራሷ ሊመስላት ይችላል። የምናየው አንገቱን ነው። ማተብ ካለ ልብ ብለን እንመረምረዋለን። ክሩ ጥቁር ነው ወይስ ሌላ ቀለም አለው? መስቀሉ የእንጨት ነው ወይስ የብር? ቋጠሮው እንዴት ነው የተቋጠረው? ከመስቀሉ ጎን ቀለበት ወይም የሳጥን ቁልፍ የሚያስሩ አሉ። በአንድ ክር ብቻ አገር ቤት ደውሎ «እናቴ፣ ማተቡ ምን ዓይነት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ያሰረችለት እሷ ከሆነች አትረሳውም።

ችግሩ ያለው እጥበቱ ላይ ነው። ሱዳናዊው አጣቢ ሬሳውን በክብር ያጥባል፣ በክብር ይገንዛል፤ ክሩን ግን ከልብሱ ጋር ቆርጦ ይጥለዋል። በክፋት አይደለም፣ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ከሥራችን ትልቁ ምርመራው ሳይሆን ልመናው ነው፦ ክሩን አትጣሉት፣ በላስቲክ አድርጉትና የሬሳውን ቁጥር ጻፉበት።

ከአንገት ቀጥሎ ድድ ይታያል። ድድ መነቀስ በአማራም በትግራይም ገጠር የቆየ ነው፤ ለካርቱሙ ሐኪም ግን በሽታ ሊመስለው ይችላል። ግንባር ላይ የመስቀል ንቅሳት፣ ክንድ ላይ የተጻፈ ስም፣ የቆየ የእሳት ጠባሳ፣ የተሰበረ ጥርስ እንፈልጋለን። ወደ ሊቢያ ለመሻገር ካርቱም ላይ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቀበቶውና የሱሪው እጥፋት ይዳበሳል። ብዙዎቹ የዘመድ ስልክ ቁጥር ጨርቅ ላይ ጽፈው እዚያ ይሰፉታል። ሞባይል ይዘረፋል፣ ሱሪ ይቀራል።

ኪሱ ውስጥ ወረቀት ቢገኝ እንኳ ነገሩ አያልቅም። ለሥራ ወይም ለጉዞ ሲባል የሙስሊም ስም ያወጣ አለ። የራሱን ስም የያዘውም ቢሆን ዐረብኛ ፊደል ላይ ሲያርፍ ይለወጣል፤ ጸጋዬ «ሰጋይ» ሆኖ ይመዘገባል። አገር ቤት ያለው ቤተሰብ የሚፈልገው ሌላ፣ መዝገቡ የሚያውቀው ሌላ። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ የሚቀብረው ይህ ነው።

ይህ የእኛ ጓዳ ነው። የሱዳናውያኑ ከዚህ ይሰፋል። ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ረመዳን ሊፈታ ሲል፣ የሲቪል አስተዳደር ጠይቀው በጦር ኃይሉ ዋና መምሪያ ደጅ የተቀመጡት ሰልፈኞች በጥይት ተበተኑ። የሱዳን ዶክተሮች ማዕከላዊ ኮሚቴ ከ100 በላይ ሰው መሞቱንና ከዓባይ ወንዝ 40 ያህል አስከሬን መውጣቱን አስታወቀ። እንዲሰምጡ ክብደት የታሰረባቸው ነበሩ። ከአራት ቀን በኋላ የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ለሽምግልና ካርቱም ገቡ፤ አምባሳደር ማህሙድ ድሪር ቀርተው ነገሩን ያዙ፤ ነሐሴ 11 ቀንም ወታደሩና ሲቪሉ ሥልጣን ለመጋራት ተፈራረሙ። የዚያን ቀን ከተማው በደስታ ሲጨፍር የልጃቸውን ፎቶ ይዘው ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚዞሩ ወላጆች ነበሩ።

ከእነዚህ ቤተሰቦችና ከአጠገባቸው ከቆሙ ወጣቶች «መፍቁድ» የተባለው ንቅናቄ ተነሳ። መፍቁድ የጠፋ ሰው ነው። ማንም ሳይሾማቸው ዝርዝር ያዙ፦ የጠፋው ማን ነው፣ መጨረሻ የት ታየ፣ ምን ለብሶ ነበር፣ ከማን ጋር ነበር። መንግሥት የጠፉትን የሚያጣራ ኮሚቴ ያቋቋመው የእነሱ ጩኸት እንቅልፍ ስለነሳው ነው ብዬ አምናለሁ። ኅዳር 2013 ላይ ያ ኮሚቴ የጠፉት ሰዎች የተቀበሩበት ሳይሆን አይቀርም ያለውን የጅምላ መቃብር ማግኘቱን ገለጸ።

በዚህ መሐል ሦስቱ የካርቱም ማቆያዎች፣ የኦምዱርማኑ፣ የባሻይሩና የተመዩዙ፣ ሞልተው ፈሰሱ። ሰልፈኞች ባልታወቁ ሬሳዎች ውስጥ ተደብቀዋል የሚል ክስ ስለነበረ ቀብር ታገደ፤ ሬሳ ግን መምጣቱን አላቆመም። በ2013 የተመዩዝ አካባቢ ነዋሪዎች ሽታው አላስቀምጥ ብሏቸው አደባባይ ወጡ። በ2014 በከተማው ያለው ያልታወቀ ሬሳ 3,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ባለሥልጣናቱ እንቅበር አሉ፤ ቤተሰቦቹ ገለልተኛ ባለሙያ ሳያየው አይሆንም አሉ። ሽታው እውነት ነው፣ የበሽታው ስጋትም እውነት ነው። እኔ ግን ከቤተሰቦቹ ጋር ነኝ። ፎቶ ሳይነሳ፣ ጥርስ ወይም ቁራጭ አጥንት ሳይቀመጥለት፣ ከመቃብሩ ጋር የሚገጥም ቁጥር ሳይሰጠው አፈር የለበሰ ሰው ሁለተኛ አይገኝም።

ቤተሰቦቹ ይምጡልን ያሉት የአርጀንቲናውን የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ነበር። ቡድኑ በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ የተሰወሩትን ለመለየት ነው። ያኔ አፅም አውጥተው የጀመሩት ልምድ የሌላቸው ተማሪዎች ነበሩ፤ ያሠለጠናቸው ክላይድ ስኖው የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህ ቡድን ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ ለልዩ ዐቃቤ ሕግ የቀይ ሽብር ሰለባዎችን አፅም አውጥቷል። ዛሬ መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የገባ ሰው ከአፅሙ ጎን የተቀመጠውን ልብስ ያየዋል። ስንት እናት ልጇን ያወቀችው በልብስ ነው! ካርቱም ውስጥ የሱሪ እጥፋት የምንዳብሰው አዲስ ብልሃት ፈጥረን አይደለም።

ይበልጥ ቅርብ የሆነውን ላንሳ። በ2013 ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት ተከዜ ከሁመራ ወደ ሱዳን አስከሬን ይዞ ወረደ። አንዳንዶቹ እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ ነበር። ዋድ አል-ሒሊው አካባቢ ያሉ የትግራይ ስደተኞችና ሱዳናውያን ገበሬዎች እያወጡ ወንዙ ዳር ቀበሯቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት ነገሩን አስተባበለ። የፖለቲካውን ክርክር እዚህ አልከፍትም። የምለው ይህን ነው፦ ወንዙ ዳር የቆሙት ሰዎች ላብራቶሪ አልነበራቸውም፣ ዓይን ግን ነበራቸው። አንድ ክንድ ላይ በትግርኛ የተነቀሰ ስም አይተው አነበቡት። ያንን ንቅሳት ማንበብ የሚችል ሰው በቦታው ባይኖር ሟቹ ጭራሽ ፈለግ አልባ ይሆን ነበር።

የጦር ሠራዊቱና የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ጦርነት የመጣብን በቅዳም ስዑር ነው፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.። ለፋሲካ ዶሮ የገዛ ሰው ዶሮውን ትቶ አልጋ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ መሽረሓ የሚባል ነገር አልቀረም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው የከተማው ሆስፒታል ሥራ አቆመ። ሰው የሞተበት በግቢው ቀበረ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በተኩስ ተመቶ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ተቀበረ። መስጊድ ደጅ፣ ትምህርት ቤት ሜዳ፣ የመንገድ አካፋይ ሳይቀር መቃብር ሆነ። የሠፈር በጎ ፈቃደኞች ከጥይት እየተሸሸጉ ሬሳ አነሱ። አስተዋይ የሆነው ከመቅበሩ በፊት ፎቶ አነሳ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ቀን ጻፈ፣ ጠርሙስ ውስጥ ወረቀት አድርጎ ራስጌው ቀበረ። እነዚህ ሰዎች ለወደፊቱ ምን እንዳደረጉ ገና አልተነገረላቸውም።

መጋቢት 2017 ላይ ጦር ሠራዊቱ መሐል ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ እነዚያ መቃብሮች እየተከፈቱ አስከሬኖቹ ወደ መደበኛ መካነ መቃብር እየተዛወሩ ነው። ከተማው ሰው እየተመለሰበት ነው፤ ሳሎኑ ፊት መቃብር ይዞ ማን ይኖራል? መነሳታቸው ተገቢ ነው። ግን ቁጥሩ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ግቢ አምስት ሰው ይወጣል፤ ራስጌው ላይ የነበረው ጠርሙስ በአካፋ ይሰበራል፤ የትኛው ከየት እንደወጣ የሚጽፍ ሰው የዚያን ቀን ካልመጣ አምስቱም «ያልታወቀ» ይሆናሉ። የናሙና መያዣና የላብራቶሪ ዕቃ በተዘረፈበት ከተማ እስክሪብቶና ደብተር የያዘ አንድ ትጉህ ሰው ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ልንገራችሁ። ከባዱ ሬሳ ማየት አይደለም፤ ይለመዳል። ከባዱ ለቤተሰብ «አይደለም» ማለት ነው። ሁለት ዓመት የጠበቀ ቤተሰብ ፎቶ ሲያይ እሱ እንዲሆን ይፈልጋል። ለቅሶ መቀመጥ፣ ተዝካር ማውጣት፣ ማረፍ ይፈልጋል። «እሱ ነው፣ ጫማው ነው» ይላሉ። ያ ጫማ ሱቅ አረቢ ገበያ በክምር ይሸጥ የነበረ ነው። አንድ ምልክት ብቻ ይዞ «አዎ» ያለ ሰው ሁለት ቤተሰብ ይበድላል፤ አንዱ የራሱ ያልሆነውን ይቀብራል፣ የሌላው ልጅ በሰው ስም ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ በመካከላችን ሕግ አበጀን፦ እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ምልክቶች ሳይገጥሙ ለማንም «ተገኘ» ተብሎ አይደወልም። ፎቶም በስልክ ለሕዝብ አይበተንም። እናት የልጇን ሬሳ መጀመሪያ የምታየው በጎረቤት ልጅ ሞባይል መሆን የለበትም። መርዶ ወግ አለው፤ ማለዳ፣ በዘመድ፣ በሽማግሌ።

ምልክት እያጣመሩ ስም መመለስ እንደሚቻል የጣሊያኗ ደሴት ላምፔዱዛ አሳይታለች። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. 366 ሰው ያለቀበት ጀልባ ላይ ከነበሩት አብዛኞቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ ብዙዎቹም በካርቱም ያለፉ ነበሩ። የሚላኑ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ክሪስቲና ካታኔዮ ከባልደረቦቿ ጋር ቤተሰቦችን ጠርታ የምራቅ ናሙና፣ የፈገግታ ፎቶ፣ የጆሮ ቅርጽ ሳይቀር እየሰበሰበች ከዓመታት በኋላ ስም መለሰች። ሳይንሱ የእሷ ነው፤ ፎቶውን ከየቤቱ አልበም ነቅሎ የወሰደው ግን ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ ካርቱም ላይ ሰው የጠፋባችሁ፣ ዛሬ ማታ ደብተር አውጡ። እዚያ ይጠራበት የነበረውን ስም ሁሉ ጻፉ፤ የሐሰት ነው ብላችሁ የምታፍሩበትንም። የተሰበረ አጥንት፣ የወለቀ ጥርስ፣ ንቅሳት፣ ማተቡን ማን እንዳሰረለት ጻፉ። ጥርሱ የሚታይበት ፎቶ ፈልጉ፤ ጥርስ አያብጥም። መጨረሻ የደወለበትን ቀንና ሰፈር አትርሱ። አንዱን ቅጂ ቀይ መስቀል የጠፉ ቤተሰቦች ፍለጋ ክፍል አስመዝግቡ። እናቱ በዕድሜ የገፉ ከሆኑም ዘመዶች ተመካከሩና ምራቃቸው የሚወሰድበትን መንገድ አሁኑኑ ጠይቁ፤ የልጁን አጥንት ከሁሉ በላይ የሚያውቀው የእናቲቱ ደም ነው፣ እሳቸው ካለፉ ፍለጋው በእጅጉ ይከብዳል።