በመኪና ቀለም ላይ የተጣበቀን ቆሻሻ ማስለቀቅ፦ መሣሪያን በምን እንመርጣለን?

የዛሬው ርእሴ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ አነስ ያለ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ስለ ጥንካሬ፣ ስለ ሰበቃና ስለ ኬሚካዊ ትስስር የምንማረው ሁሉ በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። እኔም ትምህርቱን እያወቅሁ የፈጸምሁት ስሕተት አለ፤ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

አስቀድመን የምንነካውን ነገር እንወቅ። የዘመናችን መኪና ቀለም የተነባበሩ ቅቦች ድምር ነው። ከሥር ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ቅብ፣ በላዩ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አለ። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ድምሩ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ይህም ከአብዛኛው ሰው የራስ ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ቀለሙን ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በዋናነት የሚከላከለው ይኸው ስስ ሽፋን ነው። ሲሳሳም እንደ ቆዳ መልሶ አይሞላም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍትጊያ ተመልሶ ከማይሞላ ጎተራ እንደሚዛቅ እህል ነው።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ አጭር ነው። «የትኛው መሣሪያ ይበረታል?» ብለን ሳይሆን «ይህን ቆሻሻ ከቀለሙ ጋር ያያያዘው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

መኪናው በለዘብተኛ ሻምፑና በብዙ ውኃ ከታጠበ በኋላ እጃችሁን በስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ በቀለሙ ላይ በቀስታ አንሸራትቱ። ፌስታሉ በጣትና በቀለም መካከል ያለውን ሰበቃ ስለሚቀንስ፣ ባዶ እጅ የማይለየውን ሻካራነት ያሳውቃል። ገጹ ልስልስ ከሆነ ሥራው አልቋል። ሻካራ ከሆነ ግን በማጠብ ያልለቀቀ፣ የተጣበቀ ነገር አለ ማለት ነው።

የተጣበቀው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ከመንገድ የሚፈናጠረው ሬንጅ የነዳጅ ዘይት ዘር በመሆኑ ውኃ አያሸንፈውም፤ የሚያሟሟው የራሱ ወገን ነው። ለቀለም ተብሎ የተዘጋጀ የሬንጅ ማስለቀቂያ አድርጋችሁ ጥቂት ከጠበቃችሁ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ብትጠርጉት ያለ ፍትጊያ ይወጣል።

ሁለተኛው የብረት ብናኝ ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከፍሬን ሸራና ከዲስክ የሚረግፈው ደቃቅ ብረት ትኩስ ሆኖ ክሊሩ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ይዝጋል። በነጭ መኪና ላይ የምታዩአቸው ብርቱካናማ ነጠብጣቦች ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። ለዚህ የሚሆነው ቲዮግላይኮሌት ያለበት የብረት ማስለቀቂያ ነው። ከብረቱ ጋር ተዋህዶ በውኃ የሚታጠብ ውሁድ ይፈጥራል፤ ሐምራዊ እየሆነ ሲወርድም ሥራውን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሽታው የሚከብደው ሰልፈር ስላለበት ነው። ጓንት አድርጉ፤ ጥላ ሥር ሥሩ፤ በቀለሙ ላይ እንዲደርቅም አትፍቀዱ።

ሦስተኛው ግንባታ በበዛባት አዲስ አበባ ሁላችንም የምናውቀው የሲሚንቶ ፍንጣቂ ነው። እርሱን መፈተግ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ውስጡ አሸዋ አለና። አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ ሲሆን፣ በሞዝ የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። ክሊር ግን ፕላስቲክ ነው። ይሁን እንጂ አሸዋውን ያያያዘው የካልሲየም ውሁድ በለዘብተኛ አሲድ ይላላል። በውኃ የቀጠነ አቼቶ እየደጋገሙ ማርጠብ፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ማጠብ ከማንኛውም ፍትጊያ ይሻላል። አንዱን ኬሚካል በሚገባ ሳታጥቡ ሌላውን ግን አታስከትሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፌስታሉ አሁንም ሻካራ ነው ካለ ብቻ ወደ ክሌይ እንሄዳለን። ክሌይ እንደ ሊጥ የሚለመጥ ቁራጭ ነው። ብዙ ሰው እንደ ሳሙና ያየዋል። ይሁንና ታዳኦ ካዳቴ የተባሉ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ሲያገኙበት የሰጡት ስም «ተጣጣፊ የሞረድ ድንጋይ» የሚል ትርጉም ያለው ነበር። ስሙ እውነቱን ይናገራል። በውስጡ ደቃቅ ሞራጅ ቅንጣቶች አሉ፤ ከገጹ በላይ ብቅ ያለውን ቆሻሻ እየቆረጠ በሆዱ ይይዛል። ስለዚህ ማንሸራተቻ ፈሳሽ ሳይረጩ፣ ወይም እየተጫኑ አይሠሩበትም። በቆሸሸ ቁጥርም አጥፎ፣ አሽቶ ንጹሕ ገጽ ማውጣት ያስፈልጋል።

የእርሱ ተፎካካሪ ገጹ በሰው ሠራሽ ጎማ የተለበጠ ጓንት ወይም ፎጣ ነው። ሰፊ ገጽ በፍጥነት ይሸፍናል፤ ቢወድቅም በሚገባ ታጥቦ እንደገና ያገለግላል። በአንጻሩ ቆሻሻውን እንደ ክሌይ በሆዱ ስለማይሸሽግ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት፤ ጣትም የሚሰማውን ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ቆሻሻ ለያዘ ሰፊና ነጭ ተሽከርካሪ ጓንቱን እመርጣለሁ። ጭረት ጎልቶ ለሚታይበት ጥቁር ቀለም ግን ደቃቁን ክሌይ አነሣለሁ፤ ያም ቢሆን በማይታይ ጥግ ከሞከርሁ በኋላ ነው። ሻካራውን ክሌይ ለመስታወት እተዋለሁ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ከዓመታት በፊት በታናሽ ወንድሜ ሠርግ ዋዜማ፣ ለሙሽሮቹ የሚሆነውን ጥቁር መኪናውን እኔ ላጽዳው ብዬ ተቀበልሁ። ሲመሽ ክሌዩ ከእጄ አምልጦ ግቢው ሊሾ ላይ ወደቀ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እኔም ለቀምሁት። ሌላ ቁራጭ አልነበረኝም፤ ሱቆች ተዘግተዋል። በአውራ ጣቴ ጠረግ አድርጌ የሞተሩን ክዳን ጨረስሁ። ጠዋት አበባው ታስሮ ፀሐይ ሲወጣ፣ እጄ የሄደበት መንገድ ሁሉ በቀጫጭን ጭረት ተሥሎ ታየ። ወንድሜ አየት አደረገና «ምንም አይደለም ጋሼ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንሥቶትም አያውቅ። ኋላ በፖሊሽ አብዛኛው ጠፋ፤ ፖሊሹም የጠፋውን ያህል ክሊር ይዞ ሄደ። ጥልቅ የሆኑት ግን ዛሬም አሉ። በዚያ ሰሞን ስለ ኳርትዝ ጥንካሬ አስተምር ነበር።

ተማሪዎቼ፣ ቅደም ተከተሉን አትርሱ፦ ማጠብ፣ በፌስታል መፈተን፣ ማሟሟት፣ በመጨረሻም መሞረድ። ክሌይ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ገና ሳትጀምሩ ለሦስት ቁረጡት። ያን ምሽት ቆርጬው ቢሆን ኖሮ የወደቀውን ጥዬ ሌላውን አነሣ ነበር።