የፊልምና የቴአትር ምሽቶቻችን ለምን ዓላማ ይዋሉ?

በመጪው ወቅት በኦክላንድና በሳን ሆዜ የኮሚኒቲ አዳራሾች የፊልምና የተቀረጸ ቴአትር ማሳያ እንዲዘጋጅ አራት ምሽቶች ያሉት ዕቅድ ለአባላትና ለወዳጆች እናቀርባለን። ዕቅዱን ከመዘርዘራችን በፊት ግን ፊልም ማሳየት ራሱ ምን ዓይነት ተግባር ነው በሚለው ላይ መግባባት ያስፈልጋል። ለዚህም ከገዛ ታሪካችን የተሻለ መምህር የለንም።

ሀ. ከታሪካችን የምናገኘው ትምህርት

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም አቀረበ። ፊልሙን የሠራው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዝ አገር ታይቶ የዘውዱ መንግሥት ሲደብቀው የቆየውን እልቂት ለዓለም አጋልጦ ነበር። ደርግ ግን ፊልሙን እንዳለ አላሳየውም። በረሃብተኛው ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱን ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የተነሣውን ምስል እያስገባ አቀነባብሮ አሳየው። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። ስለዚህ ያን ማታ ሕዝቡ የተዋሸው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን አሳዩም፣ አቀነባባሪውም፣ ምስሉን ተርጓሚውም አንድ ወታደራዊ ኮሚቴ ነበር። ተመልካቹ ደግሞ በየቤቱና በየቡና ቤቱ ተቀምጦ ከማየት በቀር መልሶ የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረውም። «ነገ ረሃብ ቢመጣ እናንተስ ትነግሩናላችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መልሱ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር በኮረም ሜዳ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ይህንንም ዓለም የሰማው በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. ማይክል በርክና መሐመድ አሚን በቢ.ቢ.ሲ. ባሳዩት ፊልም ነው።

ከዚህ ጋር ሌላ ነገር እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ1973 የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸው ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀርበው ነበር። ፎቶግራፎቹ ድምፅም እንቅስቃሴም አልነበራቸውም። ነገር ግን ፊት ለፊታቸው የቆመው ተማሪ አጠገቡ ካለው ተማሪ ጋር ይነጋገር፣ ይከራከር፣ ይቆጣ ነበር። ስለዚህ የአንድ ምስል ፖለቲካዊ ዋጋ የሚለካው በይዘቱ ብቻ አይደለም። ማን አሳየው? ከምን ጋር አያይዞ አሳየው? ከታየ በኋላስ የሚናገረው ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች የይዘቱን ያህል ይመዝናሉ። የዕቅዳችን መሠረትም ይኸው ነው።

ለ. የአዳራሾቻችን ሁኔታ

በዚህ በቤይ ኤርያ በአማርኛ የሚሠራ ፊልም ወይም የተቀረጸ ቴአትር በአዳራሽ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው። ትኬት ይሸጣል፣ እንጀራ ይቀርባል፣ ኮሜዲው ይታያል፣ ይሣቃል፣ መብራት ሲበራ ሁሉም መኪናውን ፍለጋ ይወጣል። ሕዝባችን ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ከርሞ ቅዳሜ ማታ መሣቁ የሚያስወቅሰው አይደለም። የሚያሳዝነው ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ከተሰበሰበ በኋላ አንድም ቃል ሳይለዋወጥ መበተኑ ነው።

ዛሬ ደግሞ መሰብሰቡ ራሱ አጠራጣሪ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በሰሜን የተካሄደው ጦርነት፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎችም የታየው ውጊያ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ድረስ ደርሷል። በቴሌግራፍ ጎዳና የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ቀድሞ በአንድ ገበታ ይበሉ ከነበሩት መካከል ግን ዛሬ ሰላምታ የተቋረጡ አሉ። አንዱ የሚያየውን ቪዲዮ ሌላው አያየውም። እያንዳንዱ በስልኩ ላይ የገዛ ወገኑን ለቅሶ ብቻ እያየ ያመሻል። ይህ ደግሞ የመስከረም 1ን ማታ ይመስላል፤ አቀነባባሪው ሌላ ነው፣ ተመልካቹ ብቻውን ነው፣ መልሶ የሚጠይቅበትም ሰው የለም። አዳራሹን መልሰን የመነጋገሪያ ቦታ ካላደረግነው ማን ያደርግልናል?

ሐ. አራቱ ምሽቶች

1ኛ ምሽት፣ ሳን ሆዜ፦ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»። ኃይሌ ገሪማ ይህን ፊልም ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ዘውዱ ሲናጋ ደርግም ገና ሳይደላደል በነበረበት አጭር ጊዜ፣ እሱ ራሱ በሎስ አንጀለስ የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ተማሪ ሳለ ነው። በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ሙያቸው ትወና ካልሆነ ሰዎች ጋር፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ አነሣው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ጭሰኛው ያርሳል፣ ባለ መሬቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰድባል፣ ከብት ጠባቂዋ ልጅ የጌታዋን ላም ከውኃ ሙላት ለማዳን ስትል ትሞታለች። ፊልሙ ይዘገያል፤ መዘግየቱም የጭሰኛው ቀን የሚረዝመውን ያህል ነው። ትዕግሥት ለሌለው ጓድ አስቀድመን እንነግረዋለን።

ለውይይት የምናቀርበው ጥያቄ፦ «መሬት ላራሹ» በሚል መፈክር ተማሪው አደባባይ የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ያደርገዋል። ታዲያ ዛሬ መሬቱ ለልማት ተብሎ ሲወሰድበት «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ያለው ገበሬ አለ ወይ? በየቤታችን ከገጠር የመጣ ሽማግሌ አለ፤ እሱ ይናገር፣ እኛ እንስማ።

2ኛ ምሽት፣ ኦክላንድ፦ «የእምቢተኝነት ልጅ»። ይህም የኃይሌ ገሪማ አጭር ፊልም ነው፤ በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ1972 ተሠራ። መነሻው አንጄላ ዴቪስ በካቴና ታስራ በቴሌቪዥን መታየቷ ነበር። አንጄላ ዴቪስ የተዳኘችው እዚሁ ሳን ሆዜ ሲሆን በነፃ የተለቀቀችውም በሰኔ 4 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. ነው። ብላክ ፓንተር ፓርቲ የተመሠረተው ደግሞ በኦክላንድ፣ በጥቅምት 1966 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ የጎንደር ልጅ የጥቁር አሜሪካዊትን እስር የራሱ ጉዳይ አድርጎ ፊልም ሲሠራ፣ እኛ በዚያው ከተማ እየኖርን ጎረቤታችንን በስም አናውቀውም። ለዚህ ምሽት የሠፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን እንዲጋበዙ፣ ውይይቱም በእንግሊዝኛ እንዲሆን እናሳስባለን።

3ኛ ምሽት፣ ኦክላንድ፦ «የወንዝ ማዕበል»። ሰሎሜ ሳይሆን ሳሌም መኩሪያ የተባለችው የፊልም ሠሪ ያወጣችው ዶኩሜንታሪ ነው። ደብዛው ስለ ጠፋ ወንድሟና ስለ ተገደለች የልብ ጓደኛዋ ትተርካለች፤ በነሱም በኩል የተማሪውን ንቅናቄ፣ ተስፋውንና ያስከተለውን መዘዝ ታሳያለች። ከዚህ ጋር ታማራ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣችው «ፋይንዲንግ ሳሊ» አብሮ ቢታይ መልካም ነው፤ እሱ የዲፕሎማት ልጅ ሆና ኢሕአፓ ስለ ገባች አክስት፣ ቤተሰቡም ለዓመታት ስለ ያዘው ዝምታ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 በዋጋዱጉ የተሸለመውን የኃይሌን «ጤዛ» ያልመረጥነው ብዙ ሰው ስላየው ብቻ ነው።

ይህ ምሽት ከሁሉ የከበደ ነው። የቀይ ሽብር ዘመን ሰዎች በየከተማው አብረውን አሉ፤ ኢሕአፓ የነበረ፣ መኢሶን የነበረ፣ የደርግ ወታደር የነበረ፣ ምንም ሳይሆን ልጁን የተነጠቀ። በአትላንታ በአንድ ሆቴል ትሠራ የነበረች ሴት የገረፋትን የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር እዚያው ሆቴል ውስጥ ተቀጥሮ አገኘችው፤ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ከሳው እ.ኤ.አ. በ1993 ተፈረደላት። ስለዚህ በየወንበሩ ማን አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ አናውቅም። ዓላማችን ችሎት ማቆም አይደለም። «ይቅር ተባባሉ» ብሎ በግድ ማሳቀፍም አይደለም። አንዱ ሲናገር ሌላው እስኪጨርስ እንዲያዳምጥ ማድረግ ብቻ ነው። ያ ትውልድ እያረጀ ነው። ዛሬ ያልጠየቅነውን ነገ የምንጠይቀው መቃብሩን ይሆናል።

4ኛ ምሽት፣ ሳን ሆዜ፦ የተቀረጸ ቴአትር። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ታሪኩ የሚጀምረው በእገዳ ነው፤ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ንግሥት ዘውዲቱ እንዳይታይ ከለከሉት። ከዚያ ወዲህ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ በኋላም የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተከፈተ፤ ሳንሱሩም አብሮ ኖረ። ለዚህ ነው የቴአትር ተመልካች ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ የለመደው። የተቀረጸ ቴአትር ከፊልም የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ የአዲስ አበባ ተመልካች ድምፅ አብሮ ተቀርጿል። የት ላይ እንደ ሣቀ፣ የት ላይ ጭብጨባው እንደ ዘለቀ፣ የት ላይ ትንፋሹን እንደ ዋጠ ይሰማል። እኛ የማንሥቅበት ቦታ ላይ እነሱ ሲሥቁ ከአገራችን ምን ያህል እንደ ራቅን ይገባናል።

ችግሩ ቅጂዎቹ እየጠፉ መሆናቸው ነው። በቪዲዮ ካሴት ተቀድተው ባሕር የተሻገሩ ቴአትሮች በየሰው ጋራዥ በካርቶን ተቀምጠዋል። ክሩን እርጥበትና ጊዜ ይበላዋል፤ ማጫወቻውም አይመረትም። ስለዚህ ለዚህ ምሽት እያንዳንዱ ጓድ ከወላጆቹ ቤት ያገኘውን ካሴት ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፎ ያምጣ። የጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ የመንግሥቱ ለማ ወይም የሌላ ደራሲ ሥራ ቢሆን፣ ማንም የማያውቀው የክፍለ ሀገር ኪነት ቡድን ትርዒት ቢሆን አይናቅም። የሚታየው ከተሰበሰበው መካከል ይመረጣል፤ የቀረው ሳይበላሽ ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጣል፤ ካሴቱ ለባለቤቱ ይመለሳል።

መ. የአሠራር ደንብ

አንደኛ፣ ሠሪው ይከፈለው። ዲቪዲ መግዛት በአዳራሽ የማሳየት መብት አይሰጥም፤ ለየፊልሙ ከባለቤቱ ወይም ከአከፋፋዩ ፈቃድ ይጠየቃል። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ ትልልቅ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም፤ አዳራሽ እየተከራየ፣ የየከተማውን ጥቁር ሕዝብ እያስተባበረ እሱ ራሱ አሳየው። ለነፃ ሠሪ አዳራሽ ማለት ኑሮው ነው። ከሱ ሰርቆ ስለ ብዝበዛ መወያየት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይብራ፣ ወንበር በክብ ይደርደር፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለውይይት ይቆይ። ምግቡ ከፊልሙ በፊት ሳይሆን በውይይቱ ጊዜ ይቅረብ፤ ሰው እንጀራ ፊቱ ካለ አይሄድም።

ሦስተኛ፣ በአዳራሹ ውስጥ የማንም ድርጅት ሰንደቅ አይሰቀል፣ ለማንም ድርጅት መዋጮ አይሰብሰብ። የባንዲራ ጠብ ስንቱን ስብሰባ ገና ከበሩ እንደ በተነው ይታወቃል።

አራተኛ፣ በአማርኛ ለመናገር የሚቸገር ሁሉ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይናገር፤ አጠገቡ ያለው ይተርጉምለት። እዚህ ተወልደው ያደጉ ታናናሾቻችን ይምጡ፤ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ያለው ቅጂ ይመረጥ።

አምስተኛ፣ ርቀት ሰበብ አይሁን። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባርት ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ቤሪየሳ ጣቢያ ይደርሳል። መኪና ያለው ጓድ የሌለውን ከጣቢያው ይቀበል፤ ውይይቱም የመጨረሻው ባቡር ሳያመልጥ ይዘጋ።

ሠ. ማጠቃለያ

አራት ምሽት አገር አያድንም። ጦርነትም አያቆምም። እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባ ካለ አትመኑት። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. መስከረም ሕዝባችን ያጣው ፊልም አልነበረም፤ ያጣው ካየ በኋላ አፉን የሚከፍትበት ቦታ ነበር። እኛ ግን በስደት ያለን ተማሪዎች ዛሬ አዳራሽ አለን፣ ወንበር አለን፣ የሚከለክለን ሳንሱር የለም። የቀረው ከማንወደው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ማየት፣ ካየን በኋላም አለመሄድ ነው።

በዕቅዱ ላይ ሂስ ያለው ጓድ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ። ካሴት ያለው ይዞ ይምጣ። ጉልበት ያለው ወንበር ለመደርደር አንድ ሰዓት ቀድሞ ይገኝ።

ንቃት በውይይት ይዳብራል!
ትግላችን ይቀጥላል!