ማሊያዎቹን በቁጥራቸው ያጥፍ የነበረው ወጣት

ባለፈው ዓመት፣ ለፋሲካ በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ በከተማችን አንድ የ26 ዓመት ወጣት ቀብረናል። ወላጆቹ ታሪኩ በዚህ ጋዜጣ እንዲወጣ ፈቅደውልናል፤ ስሙ እንዳይጠቀስ ግን አደራ ብለውናል። የሰፈራችን ሰው ማንን እንደምንል ያውቃል። ለማያውቁት ውድ አንባቢያን፣ ይህ ወጣት ኦቲዝም የነበረበት፣ ከሰው ጋር ብዙ የማይነጋገር፣ ነገር ግን በሰፈሩ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ ከልምምድ ቀርቶ የማያውቅ አባል ነበር።

ወላጆቹ የመጡት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን፣ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በገቡበት ጊዜ ነው። እሱ የተወለደው እዚሁ ነው። እስከ አምስት ዓመቱ አልተናገረም። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፤ የድስት ክዳን መሬት ላይ እያሾረ ሰዓታት ይቀመጣል፤ የልብስ ማጠቢያው ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል። ዘመድ ወዳጁ የመሰለውን ተናገረ። አንዱ ቡዳ ነው አለ፤ ሌላው ዛር ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ አጎቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው ብሎ አጽናና። ሦስት ዓመት ሲሞላው የቲፓት ሃላቭ ነርስ ወደ ልጆች እድገት ማዕከል እንዲወስዱት ብትነግራቸውም አባትየው እምቢ አሉ።

እኛ አባትየው ላይ አንፈርድም። በ1990ዎቹ ዓመታት ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች ዕብራይስጡን ሳይለምዱት በዕብራይስጥ እየተፈተኑ ወደ ልዩ ትምህርት ሲላኩ ማኅበረሰባችን ጮኋል፤ ጩኸቱም እውነት ነበረው። ከዚያ በኋላ «ኮሚቴ» የሚለው ቃል ራሱ በብዙ ቤት የሚያስፈራ ሆነ። እኚህ አባት የመጀመሪያ ልጃቸውን እንዲሁ ሊልኩባቸው ሲሉ አልፈርምም ብለው አስቀርተዋል፤ ልጁ ዛሬ መሐንዲስ ነው። አንድ ጊዜ እምቢ ማለት ልጅ ያዳነለት ሰው ሁለተኛም እምቢ ቢል ምን ይገርማል? ለታናሹ ግን ያው እምቢታ አራት ዓመት አስከፈለው። በሚገባ የተመረመረው በሰባት ዓመቱ ነው።

ያን ጊዜ እናትየው ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 አሜሪካን አገር ስለ ኦቲዝም ከጻፈ በኋላ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ የተማሩ ሰዎች ነገሩን በእናቶች አሳበቡ፤ ለልጇ ፍቅር የነፈገች እናት ናት ያመጣችው አሉ። ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ኦቲዝም ከልጁ ጋር አብሮ የሚፈጠር፣ በአብዛኛው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ከክትባት አይመጣም፤ ከሰው ዓይንም አይመጣም። ይህንን በአማርኛ ስናስረዳቸው እናትየው በእርግዝናቸው ወራት ስለወሰዱት አንድ መድኃኒት ደጋግመው ጠየቁን። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል።

ኳሱን ያመጣለት ታላቅ ወንድሙ ነው። እንደሚታወቀው የሊጉ ጨዋታ የሚበዛው በሰንበት ነው፤ የእነሱ ቤት ደግሞ ሰንበት የሚያከብር ቤት ስለሆነ ቴሌቪዥን አይከፈትም። ልጁ ቅዳሜ ሲመሽ መስኮት ላይ ቆሞ ኮከብ ይቆጥራል። ሦስተኛው ኮከብ ሲታየው የቴሌቪዥኑን መክፈቻ አንሥቶ ለአባቱ ይሰጣል፤ እሱ ራሱ አይከፍትም። ውጤቶቹን በሙሉ በደብተር ይጽፋል። አባትየው ስለ ባሩክ ዴጎ ያወሩለታል፤ ኢትዮጵያ ተወልዶ በ2004 ለማካቢ ቴል አቪቭ በአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ጎል ያገባውን ማለት ነው። የልጁ ሰው ግን የብሔራዊ ቡድኑን የአምበልነት ጨርቅ ያሰረው ኤሊ ዳሳ ነበር።

ከኳሱ የወደደው ምኑን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወስዶብናል። ጎሉን አይደለም፤ ሰው ጎል ገባ ብሎ ሲጮህ እሱ ጆሮውን ይይዛል። የወደደው ሥርዓቱን ይመስለናል። አሥራ አንድ ሰው አለ፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ የሚቆምበት ቦታ አለው። የግራ ተከላካዩ ወደ ፊት ሄዶ ካልተመለሰ ቁጥሩን እየጠራ ይጮሃል። አሰልጣኙ መጀመሪያ ዝም በሉት ይል ነበር፤ በኋላ ግን ልጁ በጮኸ ቁጥር እውነትም የግራው ቦታ ክፍት መሆኑን አየ።

እዚህ ቡድን እንዴት ደረሰ? ልዩ ትምህርት በሕግ የሚሰጠው እስከ 21 ዓመት ነው። ሃያ አንድ ሲሞላውና የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ጠዋት ጠዋት የሚወስደው መኪና መምጣቱን አቆመ። ልጁ ሰባት ወር ቤት ተቀመጠ። መኪናው በሚመጣበት ሰዓት ጫማውን አድርጎ በር ላይ ይቆማል፤ ሳይመጣ ሲቀር ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። እናትየው አንድ ቀን ተነሥተው ወደ ማትናስ ሄዱና አሰልጣኙን አገኙት።

«ልጄ፣ ኳስ መጫወት አይችልም። ግን ኳስ ይወዳል» አሉት።

«እማማ፣ ረቡዕ ማታ ይዘውት ይምጡ» አላቸው።

ሦስት ሳምንት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየ። ፊሽካው ያስጨንቀው ስለነበር አሰልጣኙ በልምምድ ጊዜ ፊሽካ ትቶ እጁን ማንሣት ጀመረ። በአራተኛው ሳምንት ልጁ ገባና ወንበር ላይ የተከመሩትን ማሊያዎች አንሥቶ አጠፋቸው፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከ1 እስከ 18። ከዚያ በፊት በየወሩ አንድ ሁለት ማሊያ ይጠፋ ነበር። እሱ ከያዘው ወዲህ አንድም አልጠፋም። እጁን ሲያርገበግብ እያዩ የሚያሾፉበት ሁለት ልጆች ነበሩ። አሰልጣኙ አልተቆጣቸውም፤ አንድ ሳምንት ማሊያውን እናንተ ያዙ አላቸው። 4 ቁጥርና 9 ቁጥር ጠፍተው ጨዋታው ሊሰረዝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሹፈቱ ቀረ።

አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ስንነግረው መጨረሻው ላይ ልጁ ጎል እንዲያገባ ይጠብቃል። አሜሪካን አገር እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ሆኗል። በየካቲት 2006 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ጄሰን ማክኤልዌይን የተባለ ኦቲዝም ያለበት ተማሪ፣ የትምህርት ቤቱን የቅርጫት ኳስ ቡድን ዕቃ ሲይዝ ኖሮ በመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች ገብቶ 20 ነጥብ አስቆጠረ፤ ዓለም ሁሉ አየው። ደስ የሚል ነገር ነው። የእኛ ልጅ ግን አንድም ጎል አላገባም፤ ሜዳ ውስጥ የገባውም ሲለማመዱ ብቻ ነው። ቡድኑ የሚፈልገው ለማሊያውና ለዓይኑ ነበር። እኛ ከጄሰን ታሪክ ይልቅ የምናስታውሰው ያን ሁለት ማሊያ የጠፋበትን ሳምንት ነው።

ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታም ነበረበት። በሽታው ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። ቡድኑ ከነርስ ጋር ተቀምጦ ምን ማድረግ እንዳለበት ተምሯል፦ በጎኑ ማስተኛት፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ክብሪት ጭሮ አለማሽተት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ 101 መደወል። ሁለት ጊዜ ሜዳ ላይ ጥሎታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጆቹ ሳይደናገጡ ጠበቁት። የሞተው ግን ሌሊት፣ በእንቅልፉ ነው። ይህ በሽታ አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል። መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ አደጋውን ስለሚቀንስ፣ ደህና ሆኗል ብላችሁ እንዳታቆሙበት አደራ እንላለን።

በሺቭዓው በሦስተኛው ቀን የቡድኑ ልጆች አብረው መጡ። ብዙዎቹ አማርኛ አያውቁም፤ አባትየው ደግሞ ዕብራይስጣቸው ጥቂት ነው። ማን ትባላለህ እያሉ አንድ በአንድ ጠየቋቸው፤ ስማቸውን ሲናገሩ ግን የሚያውቁት ስም አልነበረም። በመጨረሻ አንደኛው «እኔ 7 ቁጥር ነኝ» አለ። አባትየው ተነሥተው አቀፉት። ልጃቸው ቤት ውስጥ ስለ ጓደኞቹ ሲያወራ በቁጥር ብቻ ነበር የሚጠራቸው፤ 7 ቁጥር ጉልበቱን ታሞ ነበር፣ 11 ቁጥር ዛሬ ዘግይቶ መጣ እያለ። አባትየው አምስት ዓመት ሙሉ ሁሉንም ያውቋቸው ነበር፤ ፊታቸውን ነበር ያላዩት። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ቁጥሩን እየተናገረ ተቀመጠ።

ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ወደ ከተማው የሬቫሃ ቢሮ ሂዱና የቀን ማዕከል ወይም የድጋፍ ሥራ እንዲፈለግለት ጠይቁ። ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የአካል ጉዳት አበል በቢቱዋህ ለኡሚ በኩል በማመልከቻ ይጠየቃል፤ በልጅነቱ ያገኝ ስለነበር በራሱ ይቀጥላል ማለት አይደለም። አፖትሮፖስ ካልሆናችሁ የሚላችሁ ሰው ቢኖር፣ ከ2016 ወዲህ ሕጉ ሰውየውን በውሳኔው እየረዱ መብቱን ሳይወስዱ መኖርንም እንደሚፈቅድ ንገሩት። ፎርሙን የሚሞላ ካጣችሁ እኛ አለን።

ሠላሳው ቀን ካለፈ በኋላ አንዲት እናት ወደ ቢሮአችን መጥታ ነበር። ልጇ 14 ዓመቱ ነው፤ አይናገርም፤ ከቤት ከወጣ ብዙ ጊዜው ነው። ወደ አሰልጣኙ ወሰድናት። ልጄ ኳስ እንኳ አይወድም፣ የሚወደው የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ማየት ነው አለችው። የውሃ ጠርሙሶቹን የሚሞላ ሰው እንደሌላቸው ነገራት፤ ልምምዱ ረቡዕ ነው።