ልጅ ያልመጣው በማን ምክንያት ነው?

በዛሬው የጤና ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ቡና ላይ እንኳ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራ ነው። አንዲት እህት አራት አምስት ዓመት በሰው ቤት ደክማ አገሯ ትገባለች፤ ትዳር ትይዛለች። ዓመት ሲያልፍ የባል ቤተሰብ «ምነው ዘገየሽ?» ማለት ይጀምራል። ሁለት ዓመት ሲሞላ ጥያቄው ቀርቶ ፍርድ ይሆናል፤ «አረብ አገር ምን እንደነካት ማን ያውቃል?» ይባላል። ጠበሉም፣ ሐኪሙም፣ የባህል መድኃኒቱም ለእርሷ ብቻ ነው። ባልየው አንድ ቀን ሳይመረመር እርሷ መካን ተብላ ትፈታለች።

ሐኪሞች የሚያውቁት ግን ሌላ ነው። ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች መካከል በግማሽ ያህሉ ችግሩ በሙሉም ሆነ በከፊል ከወንዱ ወገን ይገኛል። ከምክንያቶቹ አንዱ ደግሞ በጊዜው ቢታከም የሚድን የአባላዘር በሽታ ነው።

ጨብጥን የማያውቅ የለም። ፀሐይ ላይ ከመሽናት ይመጣል የሚባለው ግን ሐሰት ነው፤ የሚያመጣው እ.ኤ.አ. በ1879 አልበርት ናይሰር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ያገኘው ባክቴሪያ ነው። ወንዱን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽንቱ ያቃጥለዋል፣ መግል ይወጣዋል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ወደ ሐኪም ይሮጣል። ተንኮለኛው ክላሚዲያ ነው። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ዘመዱን እናውቀዋለን፤ በገጠር የብዙ እናቶቻችንን ዓይን ያጠፋው ትራኮማ የዚሁ ባክቴሪያ ሌላ ዝርያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 129 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያ ሕመም እንደነበረ ገምቷል። ከተያዙት ሴቶች አብዛኞቹ፣ ከወንዶቹም ብዙዎቹ ምንም ምልክት አያዩም።

ከወንድ የዘር ፍሬ ጀርባ እንደ ክር የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ቢዘረጋ ስድስት ሜትር ያህል ይሆናል። የወንድ ዘር የሚበስለው በዚያ ሲያልፍ ነው። ባክቴሪያው በሽንት ቧንቧ ገብቶ እዚያ ሲደርስ ቱቦው ያብጣል፤ ፍሬው ያማል፣ አንዳንዴም ትኩሳት ይኖራል። ሳይታከም ከቆየ ጠባሳ ትቶ ቱቦውን ሊደፍነው ይችላል። በሁለቱም ወገን ከተደፈነ ዘሩ በውስጥ ይመረታል፣ መውጫ ግን የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ባሎች ይሳሳታሉ። «ወንድነቴ አልጎደለም፤ ምን ብዬ እመረመራለሁ?» ይላሉ። ወንድነትና ማስረገዝ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ዘሩ ራሱ እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ቀሪው ከሌሎች ዕጢዎች የሚመጣ ነው። ስለዚህ ቱቦው የተደፈነበት ሰው በራሱ ላይ ምንም ለውጥ አያይም። ልዩነቱ የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ነው። ምርመራውም ቀላል ነው፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ታቅቦ የዘር ፈሳሽን በንጹሕ ዕቃ መስጠት ብቻ ነው። ሴቷ በየሐኪም ቤቱ ከመንከራተቷ በፊት ይህ ቢቀድም ምን ነበረበት?

በእርግጥ ክላሚዲያም ሆነ ጨብጥ የሴቷንም የማህፀን ቱቦ ይደፍናል። ለሥራ ስትመጡ የተደረገላችሁ የደም ምርመራ ደግሞ እነዚህን ሁለቱን አያሳይም፤ የሚታወቁት በሽንት ወይም ከማህፀን በር በሚወሰድ ናሙና ነው። በአሠሪ ቤት ተገዳ የተደፈረች እህት ካለች፣ ምንም ባያማትም ትመርመር። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም።

ጓደኛ የላከችውን ክኒን መዋጥ ግን ይቅር። ጨብጥ ብዙ መድኃኒቶችን ስለተላመደ ዛሬ በአብዛኛው የሚታከመው በመርፌ ነው። ለክላሚዲያ ለሰባት ቀን የሚዋጠው ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ባልና ሚስት አብረው ካልታከሙ አንዱ ሌላውን መልሶ ይይዘዋል፤ ሕክምናው እስኪያልቅም መታቀብ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የቆየውን ጠባሳ አያነሳም። ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ወይም ዘሩን ከፍሬው ቀድቶ በላቦራቶሪ ማስጸነስ አለ፤ ወጪው ግን ከባድ ነው።

ለአንድ ዓመት ሞክረው ልጅ ካልመጣ፣ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፣ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ሁለቱም ናቸው። ባል ካርድ የሚያወጣው በዚያው ቀን ነው።