በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያለች ትንሽ ሐይቅ

ከትምህርት ወይም ከቢሮ መልስ ያለውን ጊዜ በምን ማሳለፍ ይሻላል የሚለው ጥያቄ በትልልቅ ከተሞች ብዙም አያስቸግርም። ከጎንደር ተነሥቶ፣ ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርዶ አዲ አርቃይ ለሥራ የተመደበ ወጣት ግን ሻንጣውን ካሳረፈበት ሳምንት ጀምሮ ጥያቄው ይመጣበታል። ካርታ የሚጫወት አለ፤ መጽሐፍ የሚያነብ አለ፤ ጠጅ ቤት የሚያመሽም አይጠፋም። በእነዚህ ላይ አንድ ሌላ ሥራ ብንጨምር ቅር የሚለው አንባቢ ይኖራል ብለን አናስብም። ይኸውም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የውኃ እጽዋትን ማብቀልና ትንንሽ ዓሣዎችን ማኖር ነው። ሣጥኑ አኳሪየም ይባላል።

አኳሪየም ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በትልቅ ሆቴል አዳራሽ የተቀመጠ፣ ማሞቂያና አየር የሚነፋ ሞተር የተገጠመለት ውድ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ መብራት በጠፋ ሌሊት ለዓሣዎቹ መቃብር ሊሆን ይችላል። ለትንሽ ከተማ የሚስማማው ከዚያ የቀደመው፣ ኤሌክትሪክ ቤት ውስጥ ሳይገባ የታሰበው ዘዴ ነው።

የነገሩ መሠረት የተጣለው በ1779 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያን ኢንገንሃውስ የተባለ የሆላንድ ተወላጅ ሐኪም ቅጠል ውኃ ውስጥ እየነከረ ሲመረምር፣ ብርሃን ሲያገኝ ከቅጠሉ ላይ ጥቃቅን አረፋ እንደሚወጣ፣ በጨለማ ግን እንደማይወጣ ተረዳ። አረፋው ኦክሲጅን ነበር። ከ70 ዓመት በኋላ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችን ቫሊስነሪያ ከተባለ የውኃ ተክል ጋር በአንድ የመስተዋት ዕቃ አኖረ። ተክሉ ለዓሣዎቹ ኦክሲጅን ሰጠ፤ ነገር ግን ያረጁት ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃውን አደፈረሱት። ዋሪንግተን ተስፋ ሳይቆርጥ ከኩሬ ቀንድ አውጣዎችን አምጥቶ ጨመረ፤ እነርሱም የበሰበሰውን በሉለት፤ ውኃውም ጠራ። ውጤቱን በ1850 ለለንደን የኬሚስቶች ማኅበር አስታወቀ።

ዋሪንግተን ያላየው አንድ ሌላ ማኅበርተኛ ግን በዕቃው ውስጥ ነበር። ዓሣ ሲተነፍስና ሲያስወግድ አሞኒያ ወደ ውኃው ይገባል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍስበትን ክፍል የሚያቃጥል መርዝ ነው። በአሸዋውና በጠጠሩ ላይ የሚሰፍሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ይመርዛል፤ ናይትሬት ግን ካልበዛ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ለተክሉማ ማዳበሪያው ነው። ባክቴሪያዎቹ በበቂ መጠን እስኪራቡ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የጀማሪዎች ሁሉ ውድቀት እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ሣጥኑን ያዘጋጃሉ፤ እሑድ ዓሣውን ይጨምራሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ ሬሳውን ያወጣሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በዚሁ መንገድ ሦስት ዓሣዎች ቀብሯል፤ ያን ጊዜ ግን ጥፋቱን ያመካኘው በዓሣዎቹ ላይ ነበር።

ስለዚህ ሥርዓቱ መጀመሪያ ተክል፣ ኋላ ዓሣ ነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱም ቁመቱም 30 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን 54 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ ጠጠሩና መስተዋቱ ሲጨመርበት ክብደቱ ከአንድ ጎልማሳ ሰው አያንስም። የቢሮ መደርደሪያ አይችለውም፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ይፈልጋል። አሸዋው ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠባል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለበት፣ በሰፊ ባልዲ አንድ ሁለት ቀን ክፍት ሆኖ ቢያድር ክሎሪኑ ይለቃል። ተክሉ ከተተከለ በኋላ ለማይኖሩት ዓሣዎች በየቀኑ ቁንጥር ምግብ መጣል ያስፈልጋል፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፤ ባክቴሪያዎቹም በእርሱ ይራባሉ። በእነዚህ ሳምንታት ትንኝ እንዳትፈለፍልበት ሣጥኑን በአጎበር ቁራጭ መሸፈን ነው። ቦታው ብርሃን የሚያገኝ፣ ነገር ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የማያርፍበት መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ፀሐይ የሚመታው ውኃ ብዙ ሳይቆይ አረንጓዴ ይሆናል።

ተክሉን ሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። ዋሪንግተን የተጠቀመበት ቫሊስነሪያ በጣና ሐይቅም ይበቅላል። ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ ረጅምና ቀጭን ነው። አበባው ግን ከቅጠሉ ይልቅ ያስደንቃል። ሴቴዋ አበባ በረጅም ቀጭን ዘንግ ወደ ውኃው ገጽ ትወጣለች፤ ወንዴዎቹ ጥቃቅን አበቦች ከሥር ተበጥሰው ይንሳፈፉና ወደ እርሷ ይጠጋሉ፤ ከተዳቀለች በኋላ ዘንጉ እንደ ሞላ ተጠምዝዞ ፍሬዋን ወደ ታች ይስባታል። ሴራቶፊለም የሚባለውም በጣና የሚገኝ ሲሆን ሥር የለውም፤ በውኃው ውስጥ ተንሳፎ፣ ምግቡን በቀጥታ ከውኃው ስለሚመጥ አሞኒያን ለመቀነስ እጅግ ጠቃሚ ነው።

አሁን ስለ ቀንድ አውጣው አንድ ከባድ ነገር እንናገር። የለንደኑ ኬሚስት ከኩሬ አንሥቶ እንደጨመረው እኛም ከወንዝ ብናነሣ ቢልሃርዚያን ወደ ቤት ልንጋብዝ እንችላለን። የበሽታው ትል ከፊል ዕድሜውን የሚያሳልፈው በአንዳንድ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሆድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። በሽታው በደምቢያ ሜዳና በጣና ዳርቻ የቆየ ነው። ስለዚህ በባዶ እግር ወንዝ ገብቶ ተክል መልቀም አይገባም፤ የተለቀመውም ተክል ቀንድ አውጣና እንቁላል እንዳይኖርበት ቅጠል በቅጠል መታየት አለበት። የወንዝ ውኃም ቀንድ አውጣ ሳይገባበት ሁለት ቀን ቢቀመጥ ትሉ ሰው ሳያገኝ ይሞታል። የበሰበሰውን ቅጠል ቀንድ አውጣው እንዲበላው ከመጠበቅ በእጅ መልቀም ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነገር አለ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሽሬንና አክሱምን አልፎ በምትገኘው በአድዋ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ፤ ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። እንዶድ ግን ቀንድ አውጣን ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ ዓሣንም ይገድላል። ስለሆነም ሣጥኑን በእንዶድም ሆነ በሳሙና ማጠብ ፈጽሞ አይገባም። ጨርቅና ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

የአየሩም ነገር እንደየአገሩ ነው። በባሕር ጠረፍ 25 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውኃ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ እንደ ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ ግን ያው ሙቀት ያለው ውኃ የሚይዘው 6 ያህል ነው። ደገኛው ቆላ ዓሣን ለማኖር ሲል ውኃውን ቢያሞቀው ኦክሲጅኑ ይቀንስበታል፤ ባያሞቀው ዓሣው ይበርደዋል። አዲ አርቃይ ዝቅ ያለና የሞቀ ስለሆነ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ቢሆንም በ54 ሊትር ውስጥ ከአምስት ስድስት ትንንሽ ዓሣ በላይ መጨመር አያስፈልግም። ተክልም በሌሊት እንደ ዓሣው ኦክሲጅን ይወስዳል። በመሆኑም ሣጥኑን መመርመር የሚገባው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ዓሣዎቹ ውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ከተገኙ በዝተዋል ማለት ነው።

የትኛውን ዓሣ? ጀማሪ በጸጥተኛ ውኃ የምትኖረውን ጋፒን ቢይዝ ይቀናዋል። ትንሽ ናት፤ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ የትንኝ እጭም ትበላለች። የቆሮሶ ጫጩት ያምራል፤ ነገር ግን ሲያድግ አሸዋውን እየቆፈረ ተክሉን ይነቅላል። አምባዛ ከውኃ ውጭ ያለውን አየር መተንፈስ ስለሚችል አይሞትም፤ ጎረቤቶቹን ግን ሌሊት አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል።

የአገራችንን ዓሣ ማወቅ ለሚወድ፣ ጋራ የሚባለው ወገን በጣናም በተከዜ ተፋሰስም ይገኛል። ስሙ ተራራ ከሚለው የእኛ ቃል የመጣ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የጋንጅስን ዓሣዎች ያጠናው ሃሚልተን በ1822 ያወጣው ነው። ከአገጩ በታች በድንጋይ ላይ የሚለጠፍበት ክብ ነገር ስላለው ኃይለኛ ጅረት አይወስደውም። ከዚህ ወገን አንዱን፣ በደምቢያ ስም የተሰየመውን፣ በ1835 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ዋልያንና ጭላዳንም በሳይንስ ስማቸው የመዘገበ ይኸው ሰው ነው፤ በ1832 ወደ ጎንደር የገባው በሰሜን ተራሮች በኩል ነበር። ዋልያን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ትንሹን ዓሣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ጋራ የሩጫ ውኃ ዓሣ ስለሆነ በረጋ ሣጥን ይቸገራል፤ እርሱን ማኖር ልምድ ላለው ሰው ነው። ከብሔራዊ ፓርኩ ክልል ደግሞ ምንም ነገር አይወሰድም።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሣ ወደ ጣና እንዳይወጣ አግዶታል። በዚህ ምክንያት በሐይቁ ውስጥ ባርበስ የሚባለው ወገን ከ15 ወደማያንሱ ዓይነቶች ተለያይቷል፤ አንዳንዱ ዓሣ ይበላል፤ አንዳንዱ ነፍሳት፤ አንዳንዱ ተክል። በፊሊፒንስ በላናኦ ሐይቅም ይህን የመሰለ ቤተሰብ ነበር። ሰዎች ከሌላ ቦታ አምጥተው የለቀቋቸው ዓሣዎች ባላገሮቹን ፈጇቸው፤ ማስገሩም ተጨመረበት፤ በ2020 ከ17ቱ ዓይነቶች 15ቱ መጥፋታቸው ይፋ ሆነ። እንቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት ነው፤ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ ብለው ከአገር አገር ወሰዱት። በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 ጣና ደረሰ፤ የደምቢያ ገበሬና ዓሣ አስጋሪም በእጁ ሲነቅለው ውሎ ሲነጋ መልሶ አገኘው።

እንግዲህ ወጣቱ ባለሥልጣን አንድ ቀን የዝውውር ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሣጥኑ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሊማሊሞን አይወጣም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዓሣዎቹን ከማራባቸው ብሎ ወደ ዛሪማ ወንዝ መልቀቅን እንደ ቸርነት ይቆጥረዋል፤ ዛሪማ ወደ ተከዜ፣ ተከዜም በአትባራ በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ሣጥኑን ከነዓሣው ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክፍል ወይም ለጎረቤት ልጅ መስጠት ነው። የተረፈው ተክል በፀሐይ ይድረቅና ይቃጠል። ውኃው ከወንዝና ከቦይ ርቆ በጎመኑ መደብ ላይ ይፍሰስ፤ ናይትሬት አለበትና ጎመኑ ይወደዋል።