አራት ዲግሪ የማይሞላ ክፍተት

የአሜሪካ እግር ኳስ በስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ አብዛኛው ጨዋታ የሚካሄደው በእጅ ነው። ዋና ሥራቸው ኳስን በእግር መምታት የሆነ ተጫዋቾች በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ መሬት ላይ ተይዞ የቆመን ኳስ በሁለት ቋሚዎች መካከል አሳልፎ ለቡድኑ ሦስት ነጥብ ያስገኛል። ይህ ሰው ሜዳ የሚገባው አልፎ አልፎ ለጥቂት ሰከንዶች ነው፤ የሙያ ሕይወቱ ግን በእነዚያ ሰከንዶች ይመዘናል። ዛሬ ከእነዚህ መቺዎች የአንዱን ታሪክ በፊዚክስ ዓይን እንመለከታለን።

ስኮት ኖርዉድ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1991 ለበፋሎ ቢልስ ተጫውቷል። ጃንዩዋሪ 27 ቀን 1991 በታምፓ ከተማ የተካሄደው የሱፐር ቦውል ጨዋታ ሊያበቃ 8 ሰከንድ ሲቀረው ቡድኑ በኒውዮርክ ጃያንትስ 20 ለ 19 ይመራ ነበር። ርቀቱ 47 ያርድ፣ ማለትም 43 ሜትር ነው። ኖርዉድ መታ። ኳሱ ጉልበት አላነሰውም፤ ነገር ግን ከቀኙ ቋሚ በስተውጭ አለፈ፤ ዋንጫውም ለጃያንትስ ሆነ።

ስሕተቱን ከመፍረዳችን በፊት እንለካው። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ስፋት 5.64 ሜትር ነው። የዚህን ግማሽ ለ43 ሜትር ብናካፍል የምናገኘው ታንጀንት የ3.8 ዲግሪ ገደማ ነው። (ታንጀንት ለምን ይጠቅማል ብለው ለሚጠይቁን ተማሪዎች መልሳችን ይኸው ነው።) ከ18 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን ኖሮ መቺው በየጎኑ ወደ 9 ዲግሪ የሚጠጋ ነፃነት ይኖረው ነበር።

ይህን አቅጣጫ የሚወስነው ምንድን ነው? ቀደምት መቺዎች በቀጥታ ሮጠው በጫማቸው ጫፍ ይመቱ ነበር። ከሀንጋሪ የተሰደደው ፒት ጎጎላክ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ሙያው ሲገባ እንደ እኛው እግር ኳስ ከጎን ተንደርድሮ በእግር ጀርባ መምታትን ይዞ መጣ። ዳሌ ስለሚሽከረከር እግር የበለጠ ፍጥነት ያገኛል፤ ኳሱን የሚነካውም ሰፊ ገጽ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋ አለው። እግሩ ከጎን ወደ ጎን ቅስት እየሠራ ስለሚያልፍ አቅጣጫው በየቅጽበቱ ይለወጣል። የቅስቱን ራዲየስ 1 ሜትር ብለን በሻካራው ብንገምት፣ ኳሱን 7 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ማግኘት አቅጣጫውን 4 ዲግሪ ያዛባዋል። ስለዚህ የሚደገፍበት እግር አንዲት ጣት ያህል ተንሸራትቶ ቢያርፍ እንኳ ውጤቱ ይሰማል።

ጉልበቱንም እናስላ። 0.41 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኳስ ከዜሮ ተነሥቶ በሰከንድ 30 ሜትር እንዲበር ከተፈለገ፣ ንክኪው የሚቆየውም አንድ መቶኛ ሰከንድ ከሆነ፣ አማካይ ጉልበቱ 1230 ኒውተን ነው፤ ይህም 125 ኪሎ ግራም የሚያህል ሸክም ክብደት ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ማረም የሚባል ነገር የለም፤ የነርቭ መልእክት ከእግር እስከ አንጎል ደርሶ ለመመለስ እንኳ ጊዜ አይበቃውም።

ኳሱ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ጫፍ በጫፍ እየተገለባበጠ ይበራል። ዘዌያዊ እንድርድሪቱ የመዞሪያ ዛቢያውን አግድም ያጸናዋል። መቺው መሐሉን ስቶ ከመታው ግን ዛቢያው ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ አየሩ ኳሱን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ቀጥ ብሎ የጀመረው ኳስም ቀስ በቀስ ይታጠፋል።

በማግሥቱ በበፋሎ ከተማ የተሰበሰበው ሕዝብ የኖርዉድን ስም እየጠራ አበረታታው። ይህ በስፖርት ዓለም ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጃንዩዋሪ 12 ቀን 1992፣ ቡድኑ ዴንቨርን 10 ለ 7 አሸንፎ ለሁለተኛ ጊዜ ሱፐር ቦውል ሲገባ፣ ልዩነቱን የፈጠሩት ሦስት ነጥቦች ኖርዉድ ከ44 ያርድ ርቀት መትቶ ያስገኛቸው ነበሩ። የዚያን ርቀት ማዕዘን ብናሰላው 4 ዲግሪ ነው። በዚያው ዓመት ቡድኑ በሌላ መቺ ተካው፤ ኖርዉድም ከዚያ በኋላ በሙያው አልተመለሰም።